የስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የኃይል ብክነትን መቀነስ፦ ለቦምቤና አካባቢዋ ተጠቃሚዎችና የጥገና ባለሙያዎች የተዘጋጀ መረጃ

የመረጃው ዓላማ

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ ዞን፣ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ በቦምቤና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖረው ኅብረተሰብ ከሚገለገልባቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መካከል የሞባይል ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ላፕቶፕና የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ይገኙበታል። እነዚህ ዕቃዎች አገልግሎታቸው ቢለያይም በውስጣቸው አንድ ዓይነት የአሠራር መርህ የሚከተል የኃይል መቀየሪያ አለ፤ እርሱም ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ይባላል።

የዚህ መቀየሪያ ብቃት ሲያንስ የባከነው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥራል። ከመስመር ኃይል ለሚያገኝ ቤተሰብ የብክነቱ ውጤት በወርኃዊ ሂሳብ ላይ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ለሚጠቀም ቤተሰብ ወይም የስልክ ቻርጅ አገልግሎት ሰጥቶ ለሚተዳደር ሰው ግን የባከነው ኃይል በምሽት ያልበራ መብራት፣ ቻርጅ ሳይደረግ የቀረ ስልክ ነው። ይህ መረጃ ብክነቱ የሚደርስበትን ቦታና የሚቀነስበትን መንገድ ለተጠቃሚውና ለጥገና ባለሙያው ያስረዳል።

1. ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ምንድን ነው?

በአገራችን ለመኖሪያ ቤቶች የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ፍሰት ነው። ስልክ፣ ሬዲዮና ኮምፒዩተር የሚሠሩት ግን በዝቅተኛ ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት በመሆኑ በመካከል መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ቀደም ሲል ለዚህ ተግባር የሚውለው ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያለበት መቀየሪያ ሲሆን፣ ከሚፈለገው በላይ የሆነውን ቮልት በሙቀት መልክ ያስወግድ ነበር። ለምሳሌ ይህ ዓይነቱ መቆጣጠሪያ 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ከገባው ኃይል 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የተቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ትርፉን ቮልት አያቃጥልም። ትራንዚስተሩ በሴኮንድ ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ለሚደርስ ጊዜ በመክፈትና በመዝጋት የሚፈለገውን መጠን ብቻ ቆርሶ ያሳልፋል። ፍጥነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ትራንስፎርመሩ ትንሽና ቀላል ይሆናል። በአግባቡ የተሠራ ከሆነ ብቃቱ ከ80 እስከ 95 በመቶ ይደርሳል።

ኃይልን በሴሚኮንዳክተር በመክፈትና በመዝጋት የመቀየር ዘዴ በትናንሽ ዕቃዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዚሁ በወላይታ ዞን፣ በወላይታ ሶዶ የሚገኘው የኃይል መቀየሪያ ጣቢያ ተለዋዋጩን ፍሰት ወደ 500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት ለውጦ 1,045 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር እስከ ኬንያ ሱስዋ ያደርሳል። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። የጣቢያው ክፍሎችና ስፋት ከቻርጀር ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ ኃይልን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ሲቀይሩ ብክነትን ዝቅተኛ የማድረግ ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

2. ብቃት እንዴት ይሰላል?

ብቃት ማለት ከመቀየሪያው የወጣው ኃይል ለገባው ኃይል ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕን እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

- የአዳፕተሩ ብቃት 80 በመቶ ከሆነ ከመስመር 81 ዋት ያህል ይወስዳል፤ 16 ዋቱ ሙቀት ይሆናል።
- ብቃቱ 90 በመቶ ከሆነ 72 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሙቀት የሚሆነው 7 ዋት ያህል ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ብቃቱ በ10 ነጥብ ሲሻሻል የሚፈጠረው ሙቀት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የብቃት መሻሻል ትልቁ ጥቅም በብዙ ዕቃዎች ላይ የሚታየው በዚሁ በሙቀት መቀነስ ነው።

3. ኃይሉ የሚባክነው የት ነው?

- በመውጫ ዳዮድ፦ በ5 ቮልት 2 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ላይ ዳዮዱ 0.5 ቮልት ቢያስቀር 1 ዋት ይባክናል። ለተጠቃሚው የሚደርሰው 10 ዋት በመሆኑ ይህ ቀላል አይደለም።
- በትራንዚስተር፦ ፍሰት በሚያሳልፍበት ጊዜ ባለው ተቃውሞ፣ እንዲሁም ከመክፈት ወደ መዝጋት በሚሸጋገርባት ቅጽበት ይባክናል። የመክፈትና የመዝጋት ፍጥነቱ ሲጨምር የሽግግር ብክነቱም ይጨምራል።
- በትራንስፎርመር፦ በማግኔት እምብርቱና በመዳብ ጥምጥሙ።
- በካፓሲተር፦ በተለይ ሲያረጅ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር።
- ጭነት በሌለበት ጊዜ፦ የመቆጣጠሪያው ክፍል ዕቃ ባይሰካበትም ራሱ ኃይል ይወስዳል።

4. ብቃትን የሚያሻሽሉ ዘዴዎች

*ዳዮድን በትራንዚስተር መተካት፦* ከላይ በተጠቀሰው ቻርጀር የመውጫው ዳዮድ 0.01 ኦም ተቃውሞ ባለው ትራንዚስተር ቢተካ፣ በ2 አምፔር የሚባክነው ከ1 ዋት ወደ 0.04 ዋት ይወርዳል። ለትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ የሚውለው ኃይል ቢታሰብ እንኳ ቁጠባው ከፍተኛ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው ዑደቱ ለዚሁ ተብሎ ሲነደፍ እንጂ በጥገና ላይ ክፍሉን በመለወጥ ብቻ አይደለም።

*ቮልቱ ዝቅ ባለበት ቅጽበት መክፈት፦* ትራንዚስተሩ በላዩ ያለው ቮልት ወደ ዜሮ ሲጠጋ እንዲከፍት ከተደረገ የሽግግር ብክነቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

*ፈጣን ትራንዚስተር መጠቀም፦* ከሲሊከን ይልቅ በጋሊየም ናይትራይድ የሚሠሩ ትራንዚስተሮች በፍጥነት ስለሚሸጋገሩ አነስተኛ ኃይል ያባክናሉ። አዳዲስ ቻርጀሮች በመጠን አንሰው በኃይል የበለጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

*ጭነት ሲቀንስ ሥራን መቀነስ፦* ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች የሚፈለገው ኃይል ሲያንስ መክፈትና መዝጋቱን እየዘለሉ ያከናውናሉ።

5. በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ለሚጠቀሙ

በዚህ ዘርፍ ትልቁ ብክነት የሚመጣው ኃይልን ደጋግሞ ከመቀየር ነው። የባትሪው 12 ቮልት በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ይወጣል፤ ቻርጀሩ ደግሞ መልሶ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። የኢንቨርተሩ ብቃት 85፣ የቻርጀሩ 80 በመቶ ቢሆን ከባትሪው ከወጣው ኃይል ለስልኩ የሚደርሰው 68 በመቶ ብቻ ነው። በአንጻሩ ከ12 ቮልት በቀጥታ ወደ 5 ቮልት የሚቀይር፣ 90 በመቶ ብቃት ያለው ቻርጀር ጥቅም ላይ ቢውል ብክነቱ 10 በመቶ ይሆናል።

በቀን 20 ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ለእያንዳንዱ ስልክ 15 ዋት ሰዓት የሚያስፈልገው ቢሆን፣ በኢንቨርተር በኩል ከባትሪው 441 ዋት ሰዓት ያወጣል፤ በቀጥታ ሲሆን 333 ዋት ሰዓት ይበቃዋል። በልዩነቱ ተጨማሪ 6 ስልኮችን ማስተናገድ ይችላል።

ሁለተኛው ብክነት ያለ ጭነት ሳይጠፋ የሚያድር ኢንቨርተር ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲጠበቅ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት 600 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያለ ጭነት 10 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር ለ12 ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ 120 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ይጨርሳል። ይህ መጠን እያንዳንዳቸው 6 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎችን ለ5 ሰዓት ያበራ ነበር።

በመሆኑም፦

- መብራትና ስልክን በተቻለ መጠን በቀጥታ በ12 ቮልት መጠቀም፤
- ኢንቨርተሩን ቴሌቪዥንን ለመሰሉ 220 ቮልት ለሚፈልጉ ዕቃዎች ብቻ መክፈትና ሲጨርሱ ማጥፋት፤
- ኢንቨርተር ሲመረጥ ከሚያስፈልገው በላይ እጅግ የገዘፈውን አለመግዛት፤
- በ12 ቮልት ፍሰቱ ከፍተኛ ስለሆነ ወፍራምና አጭር ሽቦ መጠቀም፤
- ከባትሪው አጠገብ ተስማሚ ፊውዝ ማስገባትና የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫን ማረጋገጥ ይመከራል።

6. ከመስመር ኃይል ለሚጠቀሙ

ጭነት ሳይኖረው 0.1 ዋት የሚወስድ ጥሩ ቻርጀር ዓመቱን ሙሉ ከሶኬት ባይነቀል የሚጨርሰው 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሂሳብ ለመቀነስ የሚፈልግ ቤተሰብ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለምጣድና ለምድጃ አጠቃቀም ነው።

በሪሞት ብቻ የሚጠፉ ዕቃዎች ግን የተለየ ትኩረት ይሻሉ። ጠፍቶ ሳለ 10 ዋት የሚወስድ አሮጌ ሪሲቨር ዓመቱን ሙሉ እንደተሰካ ቢቆይ ወደ 88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳል። እነዚህን ዕቃዎች ማጥፊያ ባለው ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ከዚያ ማጥፋት መፍትሔ ነው።

የቮልት መውረድም ሊታሰብበት ይገባል። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ቮልቱ ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ብዙ ፍሰት ይስባል። ከ220 ወደ 160 ቮልት ሲወርድ የመግቢያው ፍሰት በ37 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ተቃውሞ ባላቸው የመግቢያ ክፍሎች የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ስለሆነም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ መምረጥ፣ ቮልት በሚወርድበት ሰዓትም ዕቃው አየር እንዲያገኝ ማድረግ ተገቢ ነው። ቻርጀርን በፍራሽ፣ በትራስ ወይም በጨርቅ ሥር ማድረግ ለዕቃውም ለሕይወትም አደገኛ ነው።

7. በግዢ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

- የመግቢያና የመውጫ ቮልት፣ አምፔርና ዋት በግልጽ መጻፉ።
- ዓለም አቀፍ የብቃት ደረጃ የሚያመለክት የሮማውያን አኃዝ መኖሩ። አኃዙ ከፍ ሲል ብቃቱ የተሻለ ነው፤ ደረጃ 6 የሆነ፣ ከ50 ዋት በታች ኃይል የሚሰጥ የተለመደ ቻርጀር ያለ ጭነት ከ0.1 ዋት በላይ መውሰድ የለበትም።
- በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ላይ 80 ፕላስ የሚል ምልክት መኖሩ። ይህም በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ቢያንስ 80 በመቶ ብቃት እንዳለው ያሳያል።
- ምልክት አስመስሎ ማተም ቀላል በመሆኑ፣ በመደበኛ ጭነት እጅ ሊያሳርፉበት እስከማይቻል የሚግልን ዕቃ አለመጠቀም።
- ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው።

8. ለጥገና ባለሙያዎች

የተቃጠለን ክፍል በአቅራቢያ በተገኘው መተካት ዕቃውን ለጊዜው ቢያስነሣም ብቃቱን ሊያበላሽ ይችላል። በተለይ የሚከተሉት ይጠበቁ።

ዳዮድ፦ በመውጫው በኩል ያለውን ፈጣን ወይም ሾትኪ ዳዮድ ለ50 ኸርዝ በተሠራ ተራ ዳዮድ አይተኩ። ተራው ዳዮድ በከፍተኛ ፍጥነት በጊዜው መዝጋት ስለማይችል ይግላል፤ ትራንዚስተሩንም ይዞ ይቃጠላል። የቮልትና የአምፔር አቅሙም ከቀድሞው ያነሰ መሆን የለበትም።

ካፓሲተር፦ አናቱ ያበጠው ይለወጥ፤ የሚተካውም ዝቅተኛ ውስጣዊ ተቃውሞ ያለውና 105 ዲግሪ የሚል ቢሆን ይመረጣል። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የካፓሲተሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የሚያገለግል ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 8,000 ሰዓት ሲያገለግል፣ በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የሚያገለግለው በዚያው ሙቀት 32,000 ሰዓት ይቆያል።

ደኅንነት፦ በመግቢያው በኩል ያለው ትልቁ ካፓሲተር 310 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ፍሰት ይይዛል፤ ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይህ ቮልት ሊቆይ ይችላል። ከመንካት በፊት ተስማሚ ሬዚስተር በመጠቀም ማራገፍና በመለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ መተካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሥልጠና የሌለው ሰው የፓወር ሰፕላይን ክዳን መክፈት የለበትም።

9. አገልግሎት ስለማግኘት

የመስመር ቮልት መውረድ፣ መቆራረጥ ወይም የቆጣሪ ችግር ሲያጋጥም በአቅራቢያ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በነጻ የጥሪ መስመር 905 ማሳወቅ ይቻላል። ጥቆማው ችግሩ የሚከሰትበትን ቀበሌ፣ ሰዓትና የሚታየውን ምልክት ቢይዝ መፍትሔ ለመስጠት ያግዛል። በግዢ ላይ የሚነሣ ቅሬታ ከነደረሰኙ ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ ጉዳይ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የተካተተ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።