የዕለት ተዕለት የኮምፒውተር ሥራን ያለ አስተዳዳሪ መብት በደህንነት ማከናወን

ዜጎች ቀደም ሲል ከቢሮ ቢሮ በመመላለስ ይፈጽሟቸው ከነበሩ ጉዳዮች ብዙዎቹ ዛሬ በኮምፒውተር አማካኝነት ይከናወናሉ። የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድ ምዝገባና እድሳት፣ ግብር ማሳወቅ እንዲሁም የባንክ አገልግሎት ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። በዚህም ምክንያት የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና የሂሳብ መዝገብ ቅጂዎች በመኖሪያ ቤት፣ በሱቅና በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህን መረጃዎች ለአደጋ ከሚያጋልጡ ልማዶች አንዱ የዕለት ተዕለት ሥራን በአስተዳዳሪ አካውንት ማከናወን ነው።

ይህ ጽሑፍ የአስተዳዳሪ መብት ምን እንደሆነ፣ ያለ እርሱ እንዴት መሥራት እንደሚቻል፣ እንዲሁም ይህ ጥንቃቄ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ለተገልጋዮች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የአስተዳዳሪ መብት ምንነት

በኮምፒውተር ላይ የሚከፈቱ አካውንቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የአስተዳዳሪ አካውንት ሲሆን በተለምዶ «አድሚን» ይባላል። ይህ አካውንት ሶፍትዌር ለሁሉም ተጠቃሚ መጫን፣ የፀረ ቫይረስ ጥበቃን ማጥፋት፣ የሌሎች ተጠቃሚዎችን ፋይል መክፈትና የሥርዓቱን ፋይሎች መለወጥ ይችላል። ሁለተኛው መደበኛ አካውንት ነው። መደበኛ ተጠቃሚ ደብዳቤ መጻፍ፣ ድረ ገጽ መክፈት፣ ቅጽ መሙላት፣ ማተምና የራሱን ፋይል ማደራጀት ይችላል፤ የኮምፒውተሩን መሠረት ግን መንካት አይችልም።

ልዩነቱ ወሳኝ የሚሆንበት ምክንያት አንድ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሲከፈት የሚሠራው በከፈተው ሰው መብት ልክ ነው። ተጠቃሚው ሳያውቅ የከፈተው ጎጂ ፕሮግራምም እንዲሁ የተጠቃሚውን መብት ይወርሳል። ሰጪው አስተዳዳሪ ከሆነ ተቀባዩም አስተዳዳሪ ይሆናል።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው ያልበለጠ መብት ብቻ ሊኖረው እንደሚገባ አስፍረዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ኮምፒውተሩ ሲደራጅ የሚከፈቱ አካውንቶች የአስተዳዳሪ መብት የያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ የሥርዓቱን መሠረት የሚነካ ተግባር ከመፈጸሙ በፊት ተጠቃሚውን የሚጠይቅ መስኮት ይዞ መጣ። በዊንዶውስ 10 እና 11ም ይኸው አሠራር የቀጠለ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ሲደራጅ የሚከፈተው የመጀመሪያ አካውንት አሁንም አስተዳዳሪ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ፣ ባለቤቱ ሳያስበው ዘወትር በአስተዳዳሪ መብት እየሠራ ሊሆን ይችላል።

አደጋው በተግባር ሲታይ

ለአብነት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ መደብር እንውሰድ። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። በፍላሹ ላይ ያለው አቃፊ የሚመስል ምስል በእውነቱ አቃፊ ሳይሆን ቫይረስ የሚያስነሳ አቋራጭ ነው። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይጫነዋል።

ሠራተኛው በአስተዳዳሪ አካውንት እየሠራ ከሆነና የሚመጣውን የፈቃድ ጥያቄ ሳያነብ «የስ» ካለ፣ ወይም ጥያቄው እንዳይመጣ ቀደም ብሎ ተዘግቶ ከነበረ፣ ቫይረሱ የፀረ ቫይረስ ጥበቃውን ሊያጠፋ፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ሊያስነሳና በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፈውን የይለፍ ቃል ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማመልከቻ ለማስሞላት የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ መረጃው ለአደጋ ይጋለጣል። አስተማማኙ መፍትሔም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ከመሠረቱ እንደገና መጫን ይሆናል።

ሠራተኛው በመደበኛ አካውንት እየሠራ ቢሆን ግን ጉዳቱ በአብዛኛው በዚያው አካውንት ውስጥ ይወሰናል። የመደብሩ ባለቤት በአስተዳዳሪ አካውንት ገብቶ ኮምፒውተሩን መመርመር፣ አስፈላጊም ሲሆን የተበከለውን አካውንት ሰርዞ አዲስ መክፈት ይችላል።

ወደ መደበኛ አካውንት የመሸጋገሪያ ቅደም ተከተል

ይህን ለማድረግ ገንዘብ ማውጣት ወይም ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አያስፈልግም። በዊንዶውስ 10 እና 11 የሚከተለው ቅደም ተከተል በጥንቃቄ መፈጸም ይኖርበታል።

1ኛ. የአሁኑን ሁኔታ ማረጋገጥ፦ «ሴቲንግስ» ከተከፈተ በኋላ «አካውንትስ»፣ ቀጥሎም «ዩር ኢንፎ» ይመረጣል። ከተጠቃሚው ስም ሥር «አድሚኒስትሬተር» የሚል ቃል ካለ አካውንቱ የአስተዳዳሪ መብት አለው።

2ኛ. አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት መክፈት፦ በዚያው በ«አካውንትስ» ሥር ሌሎች ተጠቃሚዎች ከሚመዘገቡበት ክፍል አዲስ አካውንት ይከፈታል፤ ጠንካራ የይለፍ ቃልም ይሰጠዋል። አዲስ የሚከፈት አካውንት መደበኛ ሆኖ ስለሚጀምር «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» የሚለውን በመጫን ወደ «አድሚኒስትሬተር» ይለወጣል።

3ኛ. መሞከር፦ ከነባሩ አካውንት በመውጣት በአዲሱ አካውንት መግባትና የይለፍ ቃሉ መሥራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ መዝለል ባለቤቱን ከራሱ ኮምፒውተር አስተዳደር ውጭ ሊያስቀረው ይችላል።

4ኛ. ነባሩን አካውንት ዝቅ ማድረግ፦ በአዲሱ አካውንት ውስጥ ሆኖ ዘወትር የሚሠራበት ነባር አካውንት ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይለወጣል። ፋይሎቹ፣ ፎቶዎቹና የተለመደው ገጽታ ባሉበት ይቆያሉ።

5ኛ. የይለፍ ቃሉን ማስቀመጥ፦ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒውተሩ በራቀና በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። በኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍ ወይም ለሠራተኛ ሁሉ ማሳወቅ የሥራውን ትርጉም ያሳጣዋል።

ከዚህ በኋላ የአስተዳዳሪው አካውንት ሶፍትዌር ለመጫንና ለጥገና ብቻ ያገለግላል። በእርሱ ኢሜይል መክፈትም ሆነ ድረ ገጽ መጎብኘት አይመከርም።

በአፕል ማክ ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ማስተካከያ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» በሚለው ክፍል ይገኛል። በኡቡንቱ ሊኑክስም የተጠቃሚዎች ማስተካከያ ክፍል አካውንትን አስተዳዳሪ ወይም መደበኛ ለማድረግ ያስችላል።

ያለ አስተዳዳሪ መብት የሚሠሩ ሶፍትዌሮች

ብዙ ሰዎች መደበኛ አካውንት ሥራ ያስተጓጉላል ብለው ይሰጋሉ። አንድ ጊዜ በአስተዳዳሪው የተጫነ የጽሕፈት፣ የሂሳብ ሠንጠረዥ ወይም የድረ ገጽ መክፈቻ ሶፍትዌር ግን በመደበኛ አካውንት ያለ ችግር ይሠራል። የዊንዶውስ የደህንነት ማሻሻያዎችም በሥርዓቱ በራሱ የሚጫኑ በመሆናቸው ተጠቃሚው አስተዳዳሪ መሆን አይጠበቅበትም።

አንዳንድ ሶፍትዌሮች ከመጀመሪያውም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሳይጠይቁ በተጠቃሚው የግል አቃፊ ውስጥ ይጫናሉ። የቴሌግራም የኮምፒውተር ሥሪት ለዚህ ምሳሌ ሲሆን፣ ጉግል ክሮምም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲታጣ በዚሁ መንገድ ሊጫን ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ወዲህ ባሉ የዊንዶውስ ሥሪቶች ተጨማሪ የግዕዝ ፊደል ፎንቶችንም መደበኛ ተጠቃሚ ለራሱ መጫን ይችላል።

ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሥርዓቱ የፕሮግራም አቃፊ ውስጥ የተጫነን ሶፍትዌር መደበኛ ተጠቃሚ ሊለውጠው አይችልም፤ ስለዚህ በእርሱ መብት የሚሠራ ቫይረስም አይነካውም። በግል አቃፊ የተጫነው ግን ይህ ጥበቃ የለውም። በመሆኑም ዘወትር የሚያገለግሉ ዋና ዋና ሶፍትዌሮች በአስተዳዳሪው አማካኝነት ቢጫኑ ይመረጣል። በግል አቃፊ የሚጫኑትም ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ሊወርዱ ይገባል።

የአስተዳዳሪ መብት የሚጠይቅ አሮጌ ሶፍትዌር ሲያጋጥም

በአነስተኛ ድርጅቶች የሚያገለግሉ አንዳንድ የቆዩ የሂሳብ ሶፍትዌሮች በመደበኛ አካውንት አልከፈት ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሶፍትዌሩ መዝገቡን የሚያስቀምጠው መደበኛ ተጠቃሚ እንዲጽፍበት በማይፈቀድ የፕሮግራም አቃፊ ውስጥ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛውን አስተዳዳሪ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ቢመስልም አንድን በር ለመክፈት የቤቱን ቁልፍ ሁሉ እንደማስረከብ ይቆጠራል። ተገቢው መፍትሔ በመጀመሪያ አዲስ ሥሪት መኖሩን ሻጩን መጠየቅ ነው። ከሌለም አስተዳዳሪው መዝገቡ በሚቀመጥበት አቃፊ ላይ ብቻ ለዚያ ሠራተኛ የመጻፍ ፈቃድ ይሰጣል።

የፈቃድ ጥያቄ ሲመጣ

በመደበኛ አካውንት ላይ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት ሲወጣ ሦስት ነገሮችን ማጤን ይገባል።

አንደኛ፣ ጥያቄው የመጣው ተጠቃሚው ራሱ በጀመረው ተግባር ነውን? ማንም ሳይነካው የመጣ ጥያቄ ውድቅ ሊደረግ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በመስኮቱ ላይ የተጻፈው የአምራቹ ስም የታወቀ ነውን? አምራቹ ያልታወቀ መሆኑ ከተገለጸ ቆም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ተግባሩ በእርግጥ የአስተዳዳሪ መብት የሚያስፈልገው ነውን? አዲስ ሶፍትዌር ወይም የማተሚያ ማሽን ድራይቨር ለመጫን መጠየቁ የተለመደ ነው። ፎቶ፣ የዘፈን ፋይል ወይም የደብዳቤ ቅጂ ለመክፈት መጠየቁ ግን የአደጋ ምልክት ነው።

በተለይ «ክራክ» የተደረጉ ሶፍትዌሮች ሁለት ነገር አጣምረው ይጠይቃሉ፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንዲሰጣቸውና ፀረ ቫይረሱ እንዲጠፋላቸው። እነዚህን ሁለቱንም ላልታወቀ አካል መስጠት ኮምፒውተሩን አሳልፎ ከመስጠት አይለይም። በነጻ የሚገኙና ሕጋዊ የሆኑ እንደ ሊብሬ ኦፊስ ያሉ አማራጮች በመኖራቸው ተገልጋዮች እነርሱን ቢጠቀሙ ይመከራል።

መደበኛ አካውንት የማይከላከላቸው አደጋዎች

መደበኛ አካውንት ጉዳትን ይገድባል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ተጠቃሚው ሊለውጠው የሚችለውን ፋይል ሁሉ በእርሱ መብት የሚሠራ ቫይረስም ሊለውጠው ይችላል። ስለሆነም ፋይሎችን ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ያለ አስተዳዳሪ መብትም የተጠቃሚውን ሰነዶች ሊያበላሹ ይችላሉ። የሐሰት ድረ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል መጻፍና «ላግዝዎ» ብሎ ለሚደውል ሰው ኮምፒውተሩን ከርቀት እንዲቆጣጠር መፍቀድም በአካውንት ዓይነት አይታገዱም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው በዊንዶውስ ሥርዓት ላይ በነበረ ክፍተት በኔትወርክ በመሠራጨት ነበር። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ የነበረ ሲሆን፣ ተጎጂ የሆኑት በዋናነት ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ፣ ይህንኑ የሚጠቀሙ ዜጎች ኮምፒውተራቸው ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር መቻሉን ቢያረጋግጡ ይመከራል።

ስለዚህ ከመደበኛ አካውንት ጋር ሦስት ጥንቃቄዎች አብረው ሊተገበሩ ይገባል። እነዚህም ማሻሻያዎችን በወቅቱ መጫን፣ የአስፈላጊ ሰነዶችን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ላይ መያዝ፣ እንዲሁም ለባንክና ለመንግሥት አገልግሎት አካውንቶች የተለያየ የይለፍ ቃል መጠቀም ናቸው።

በጋራ ኮምፒውተር ለሚገለገሉ

የኢንተርኔት ካፌ ባለቤቶች ለደንበኛ የሚያቀርቡት አካውንት መደበኛ ብቻ መሆኑን፣ የደንበኞች የመታወቂያና የሰነድ ቅጂዎችም ሥራው እንዳለቀ መሰረዛቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ አያያዝ በሕግ የሚመራ መሆኑን ደንግጓል።

ተገልጋዮችም የይለፍ ቃላቸው በኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀመጥ ሲጠየቁ አለመፍቀድ፣ ከአገልግሎቱ ገጽ በአግባቡ መውጣት፣ ያወረዱትንና ስካን ያደረጉትን ፋይል ከአቃፊውም ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም ማጥፋት አለባቸው።

አደጋ ሲደርስ

ኮምፒውተሩ መበከሉን የጠረጠረ ዜጋ በመጀመሪያ ከኢንተርኔት ማላቀቅ፣ ቀጥሎም በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የይለፍ ቃሎቹን መለወጥና ባንኩን ማሳወቅ ይኖርበታል። ያለፈቃድ የሌላን ሰው ኮምፒውተር መድረስና መረጃ ማበላሸት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት የሚያስጠይቅ በመሆኑ፣ ጉዳዩን ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማመልከት ይቻላል። ለማስረጃ የሚሆኑ መልእክቶችና የማያ ገጽ ምስሎች እስከዚያው ሳይጠፉ መያዝ አለባቸው።