የተነፈገ ወረቀት

ሳይኮሎጂ የሚያጠና ተማሪ ሲያጋጥመን «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ብለን መቀለድ እንወዳለን። ትምህርቱን ከጠንቋይ ቤት ጋር ያምታታነው ይመስለኛል። እኔ ግን ነገሩ ሲነሳ ትዝ የምትለኝ ሜሪ ካልኪንስ ናት።

ካልኪንስ አሜሪካ ውስጥ በዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ የግሪክ ቋንቋ ታስተምር ነበር። ኮሌጁ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ሳይኮሎጂ እንድትሰጥ ሲጠይቃት መጀመሪያ ራሷ መማር ነበረባት። ሃርቫርድ ሴት አይቀበልም፤ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ በእንግድነት ገባች። በ1891 እ.ኤ.አ. ዌልስሊ ላይ ቤተ ሙከራ ከፈተች። ከ50 የሚበልጡ ወጣት ሴቶች የበግ አንጎል እየከፈቱ መረመሩ፤ ስለ ስሜት ሕዋሳት በሙከራ ተማሩ። ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ጥንቆላ?

በ1895 ሃርቫርድ ላይ ለዶክትሬት ተፈተነች። መምህራኖቿ «ይገባታል» አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት በመሆኗ ብቻ ከለከላት። በ1902 በሴቶቹ ኮሌጅ በራድክሊፍ ስም እንስጥሽ ቢሏት፣ የተማረችው ሃርቫርድ ነውና አልቀበልም አለች። በ1905 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በ1930 ስታርፍም የሃርቫርድ ዲግሪ አልነበራትም።

እኛ ዘንድ «ብቻ ወረቀቷን ያዝ!» የሚል ምክር ሞልቷል። የካልኪንስ ታሪክ ወረቀት ዋጋ የለውም አይልም፤ ዋጋ ባይኖረውማ ባልተከለከለች። የሚለው፣ ዕውቀቱ የሌለበት ወረቀት ባዶ ነው፣ ዕውቀት ላለው ሰው ወረቀቱን መንፈግ ደግሞ ግፍ ነው ነው።