ማይኩን ማን ይከፍታል?

ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲደርስ አፍሪካ አዳራሽን ከፊት ለፊቱ ያገኛል። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ሕንፃ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። እንግዳ ሲገባ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩትን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያያል። የድምፅ ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚያየው ተናጋሪዎች የሚቀመጡበትን ረጅም ጠረጴዛ ነው።

በሽሮ ሜዳ ሠርግ ላይ ከአንድ ሞንታርቦ ጋር ሁለት ማይክ የያዘ ሰው ብዙም አይቸገርም፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል። የጉባኤ ጣጣ ሌላ ነው። ሠላሳ ማይክ አንድ ላይ ከተከፈተ የተናጋሪው ድምፅ ከጎረቤቱ ሳልና ከወረቀት መንኮሻኮሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ድምፅ ማጉያውም ማፏጨት ይጀምራል። ክፍት ማይክ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከፉጨት በፊት የቀረው አቅም በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ የማይኮቹን ድምፅ የሚያዋህደው ሚክሰር ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ማን ሊናገር እንደሆነ በዓይኑ እየተከታተለ ቁልፍ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውል ነበር።

ይህን ልፋት ለማሽን የሰጠው የሳን ፍራንሲስኮው የቴአትር ድምፅ ባለሙያ ዳን ዱጋን ነው። የአውቶማቲክ ሚክሰር ፓተንቱን ያገኘው በ1969 ዓ.ም. ነበር። መሣሪያው የእያንዳንዱን ማይክ ጉልበት ከሁሉም ድምር ጋር እያነጻጸረ ድርሻውን ያከፋፍላል። አንድ ሰው ሲናገር ሙሉውን ያገኛል፤ ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ እያንዳንዳቸው በ3 ዴሲቤል ዝቅ ይላሉ፤ አጠቃላዩ ግን እንደ አንድ ክፍት ማይክ ይቆያል።

ሆኖም ማሽኑ የሚያውቀው ድምፅን እንጂ ተራን አይደለም። ሰብሳቢው ተናጋሪውን ማቋረጥ ሲፈልግ ምን ይሁን? የርቀት መቆጣጠሪያ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው በሽቦ የተያያዘ ቁልፍ ነው። ሹር የተባለው ኩባንያ የሠራውን ባለ ስምንት ማይክ አውቶማቲክ ሚክሰር፣ ኤስሲኤም810ን፣ ብንወስድ፣ ከጀርባው ማይክ የሚዘጋና ለአንዱ ቅድሚያ የሚሰጥ የሽቦ መያያዣ አለው። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን የሌሎቹ ማይክ ይዘጋል። ሳል የያዘው ተናጋሪም የራሱን ለጊዜው ዘግቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቀጥሎ ኮምፒውተር በኬብል ተያያዘ፤ ከዚያም ኔትወርክ መጣ፤ ዛሬ ባለሙያው አዳራሹን በታብሌት እየዞረ ያስተካክላል።

የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ዋና ጽሕፈት ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ትልቁ አዳራሹ 2,500 ሰው የሚይዝ ነበር። አፍሪካ አዳራሽም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚህ መጠን ባለ ጉባኤ ታብሌቱ ሁሉን ይሠራል ብሎ የሚተማመን ባለሙያ የለም። የይለፍ ቃል ያስቀምጣል፣ የጉባኤውን መስመር ከእንግዶች ዋይፋይ ይለያል፤ ኔትወርኩ ቢቋረጥም ተራ የሚሰጠው ሰብሳቢ እንዳይቸገር በሽቦ የሚሠራውን አሮጌ ቁልፍ ከጠረጴዛው አያነሳውም።