ሰዓት ቈጥሮ ማለፍና አስመስክሮ ማለፍ

አንድ ተማሪ የፊዚክስን ወይም የኬሚስትሪን ትምህርት ፈጸመ የሚባለው መቼ ነው? ዓመቱን ሙሉ በክፍል ተቀምጦ ስለ ዋለ ነው? ወይስ የተማረውን በእጁ ሠርቶ፤ በአፉም አስረድቶ ስላሳየ ነው? ይህ ጥያቄ በዚህ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ለምንፈጽም ተማሪዎች የቅርብ ጥያቄ ነው። የምስክር ወረቀት ስሙ እንደሚያስረዳው ምስክር ነው፤ እውነተኛ ምስክር ደግሞ ያላየውን አይመሰክርም። ክሬዲት የሚባለውም ነገር፤ ማለት አንድ ትምህርት ተፈጸመ ተብሎ በመዝገብ የሚያዘው ዋጋ፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር የሚሠራበት ስለ ሆነ፤ በአሜሪካ አገር እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተለወጠ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ የአገራችንን ቃል እናስታውሳለን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው የቈየበት ዘመን ብቻ ተቈጥሮ አይመረቅም። ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ በመምህራን ፊት ያሰማል፤ የጎደለውን ያቃናል፤ ሲበቃም «ድጓ አስመሰከረ» ይባላል። አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሌላው ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ የሁለቱ ማዕርግ ግን አንድ ነው። አሜሪካኖች ይህን ከእኛ አልወሰዱትም፤ ነገር ግን ለሐሳቡ ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘንለት እኛም «ማስመስከር» እንለዋለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሳይንስ በብዛት የሚጠናው ከመጽሐፍ በቃል ነበር። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቻርልስ ኤልየት ግን ራሳቸው የኬሚስትሪ መምህር ስለ ነበሩ በዚህ አልረኩም። በ1886 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ፊዚክስን ለመግቢያ ለሚያቀርቡ ተማሪዎች አዲስ መንገድ ከፈተ። ይኸውም ተማሪው ከ40 የማያንሱ ሙከራዎችን በገዛ እጁ ሠርቶ፤ ያየውንና የለካውን በደብተር ጽፎ፤ ደብተሩን በመምህሩ አስመስክሮ እንዲያቀርብ፤ ከዚያም በጽሑፍና በላቦራቶሪ እንዲፈተን ነው። የሙከራዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁት ኤድዊን ሆል ነበሩ። እኒህ ሰው በ1879 ዓ.ም. ገና ተማሪ ሳሉ፤ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን የወርቅ ቅጠል ላይ የማግኔት ኃይል ሲያርፍበት በጎኑ በኩል ምን እንደሚፈጠር ያገኙ ናቸው፤ ግኝቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሙከራዎቹ ትምህርት ቤቶች ሊገዙት በሚችሉት ቀላል መሣሪያ እንዲሠሩ ታስበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪው «አርኪሜዲስ እንዲህ አለ» ቢል አይበቃውም፤ አንድ ዕቃ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ራሱ መዝኖ መናገር ነበረበት።

ይህ መልካም ሥርዓት ለምን በዚያው አልቀጠለም? በላቦራቶሪ መፈተን መሣሪያ፤ ጊዜና በቂ ፈታኝ ይጠይቃል። ደብተርም ቢሆን ከጓደኛ ሊገለበጥ ይችላል። የተማሪዎች ቊጥር እየበዛ ሲሄድ፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ አቃልሎ የሚመዝን መለኪያ ተፈለገ። መለኪያውም ባልታሰበ በር ገባ። ባለጸጋው አንድሩ ካርኒጊ በ1905 ዓ.ም. ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው የካርኒጊ ድርጅት ለጡረታው የሚበቃው ኮሌጅ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ነበረበት። ስለዚህ በ1906 ዓ.ም. ገደማ ኮሌጁ ከገቢ ተማሪዎቹ 14 ዩኒት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዲጠይቅ ደነገገ፤ አንዱ ዩኒትም አንድን ትምህርት በዓመት 120 ሰዓት ያህል መማር ሆነ። ጡረታውን የፈለጉ ኮሌጆች ደንቡን ተቀበሉ፤ ተማሪዎቻቸውን ወደ ኮሌጅ የሚልኩ ትምህርት ቤቶችም ተከተሏቸው። እንዲህ ሆኖ የሽማግሌ መምህራን ጡረታ የወጣቶችን ትምህርት መስፈሪያ ወለደ። የሚያስገርመው ደግሞ የድርጅቱ የአስተዳዳሪዎች ጉባኤ ሊቀ መንበር እኒያው ቻርልስ ኤልየት መሆናቸው ነው።

ሰዓት መቊጠርን ከንቱ ነው ብለን አንነቅፍም። ሰዓት ለባለጸጋውና ለድኻው ልጅ እኩል ይቈጠራል፤ ለየትምህርቱም በቂ ጊዜ እንዲመደብ ይረዳል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። መቶ ሃያውን ሰዓት በእንቅልፍ ያሳለፈውና በትጋት የሠራው በመዝገብ አንድ ይሆናሉ፤ በቤቱ ወይም በሥራ ቦታ ተምሮ ያወቀው ግን ሰዓቱ ስላልተቈጠረለት እንዳላወቀ ይታያል። ያልታየ ዕውቀት «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ ሰዓትን የሚቃወም ድምፅ አልጠፋም። በ1920 ዓ.ም. ሔለን ፓርክኸርስት የተባሉ መምህርት በማሳቹሴትስ ግዛት፤ በዶልተን ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ተማሪው የወሩን ሥራ ተቀብሎ እንደ ችሎታው እንዲራመድ አደረጉ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር ቤንጃሚን ብሉም በቂ ጊዜና ርዳታ ቢሰጣቸው ከመቶ ከ90 የሚበልጡ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጠንቅቀው ሊያውቁ ይችላሉ ሲሉ ጻፉ። በመጨረሻም ነገሩ ወደ ደንብ ገባ። የኒው ሐምፕሺር ግዛት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፤ ከ2008 እስከ 2009 ባለው የትምህርት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክሬዲትን በሰዓት ሳይሆን በታየ ችሎታ እንዲሰጡ አዘዘ። የኦሃዮ ግዛትም ከ2010 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ ተማሪው በፈተና ወይም በሥራ ዕውቀቱን አሳይቶ፤ በሳይንስም ሆነ በሌላ ትምህርት፤ ክሬዲት የሚያገኝበትን መንገድ ከፈተ። የካርኒጊ ድርጅት ራሱ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ዩኒቱ ጊዜን እንጂ ዕውቀትን ለመለካት እንዳልታሰበ አስታወቀ፤ ሆኖም ለአስተዳደር ሥራ ገና የሚያስፈልግ መሆኑን አልካደም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ማስመስከር ከሰዓት ይልቅ ትክክለኛ ሚዛን ነው፤ ነገር ግን ከሰዓት ይልቅ ድካም ይጠይቃል። ላቦራቶሪ ለሌለው ተማሪ «ሠርተህ አሳይ» ማለት እጁን አስሮ ዋኝ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን አስቀድሞ መስጠት፤ ታማኝ ፈታኝም ማቆም ያስፈልጋል። ኤድዊን ሆል ሙከራዎቹን በቀላል መሣሪያ እንዲሠሩ ማዘጋጀታቸው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሚዛን፤ ክር፤ ውሃና አንድ ቴርሞሜትር ብዙ ያስተምራሉ።

ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት የምንመኘው ይህን ነው፤ ለሚከተሉን ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የላቦራቶሪው በር ክፍት ይሁንላቸው። እነርሱም በበኩላቸው «ስንት ዓመት ተማርክ?» ከሚላቸው ሰው ይልቅ «ምን ልትሠራ ትችላለህ?» ለሚላቸው መልስ ይዘው ይውጡ። እኛም የምንቀበለው ወረቀት በእጃችን ሥራ የሚመሰከርለት እንዲሆን እንትጋ።