30 ሺህ ሴቶችን ማን መረጣቸው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንድጽፍ ይጠብቃል። ዛሬ ግን ስለ ቅጥር ነው የማወራችሁ። ቅጥር ደግሞ ምን ታሪክ አለው እንዳትሉ፣ አለው።

ሥራ ፈላጊ የሆናችሁ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «መምህር፣ ለሁለት ቦታ የመጣውን ሰው ብዛት ቢያዩት!» አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የቅጥር የጽሑፍ ፈተና ፈትን ተብዬ ሄጄ ነበር። ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ በር ደርሷል። ማስረጃ የሚያመሳክሩት ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፣ ምሳቸውንም አልበሉም። ተመዝጋቢው በእነሱ ይናደዳል፣ እነሱም በተመዝጋቢው። ለመሆኑ ይህች አገር ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ስትቀጥር ሸክሙን እንዴት ቻለችው?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሁላችንም የምናውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ነው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። እቅዱ ሲነገር ቀላል ነበር፦ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያ፣ ደመወዟ ከመንግሥት። አንድ ቀበሌ በአማካይ 5 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ ነው የተሰላው። የአገሪቱ የገጠር ቀበሌ ደግሞ ወደ 15 ሺህ ነው። ለሁለት ስታባዙት 30 ሺህ ሰው! እስኪ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ተቀምጦ ይህንን ይሠራ ነበር እንበል። ለአንድ ቦታ አምስት ሰው ብቻ ቢያመለክት እንኳን 150 ሺህ ፋይል ነው። ያንን ማን ያነበዋል?

አልተነበበም፤ ማንበብም አላስፈለገም። ምክንያቱን ሦስት አድርጌ አየዋለሁ።

አንደኛ፣ መስፈርቱ አጭርና ማንም የሚያየው ነበር። ሴት፣ 18 ዓመት የሞላት፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የአካባቢው ነዋሪ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር። በቃ። ለእኛ ለአዊ ልጆች የመጨረሻው መስፈርት ትልቅ ትርጉም አለው። አውንጊ አፉን የፈታ እናት ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ በራሷ ቋንቋ የምታስረዳት ልጅ ትፈልጋለች። ይህንን ደግሞ በትራንስክሪፕት አትለየውም። ሁለት ደቂቃ ማውራት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የመረጠው የሚያውቃት ሰው ነው። ኮሚቴው ማኅበረሰቡ የወከላቸውን ሰዎች ከወረዳው ጤና፣ ትምህርትና አቅም ግንባታ ጽሕፈት ቤቶች ተወካዮች ጋር የያዘ ነበር። «ይቺ ልጅ የእገሌ ናት፣ ትቀመጣለች፣ አትሄድም» የሚለውን መረጃ ከቀበሌ ውጪ ማን ያውቀዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንደዚህ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ የሚመርጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ባንድ ቀን አልተደረገም። የተመረጡት በቴክኒክና ሙያ ተቋማት አንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፣ ከፊሉን ጊዜ በክፍል፣ ከፊሉን በመስክ። በ1997 ዓ.ም. የነበሩት 2,700 ገደማ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አልፏል። እኔ ያኔ በ1997 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከእኛ በላይ የተማሩ እህቶቻችን ሲመረጡ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር።

መስፈርቱ የማይሠራበት ቦታም ነበር። አርብቶ አደር አካባቢ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ማግኘት ከባድ ስለነበር የትምህርት ደረጃው ዝቅ ተደረገ፣ ወንዶችም ተቀጠሩ። ይህ ብልህነት ነው። ሰው በሌለበት ቦታ ማስታወቂያ ደጋግሞ መለጠፍ ወረቀት መጨረስ ነው።

እንከኑንም አልደብቅም። ቀበሌ ላይ ሲመረጥ ዝምድና አልገባም ብዬ አልምልም። «አትሄድም» ተብላ የተመረጠችው ልጅም ለብዙ ዓመት ዝውውርና እድገት ስትጠይቅ የሰማት ጥቂት ነው። የመልማዩን ሸክም ያቀለለው ነገር እሷ ላይ ከበደ።

አሁን ከዚህ ጋር ሐዋሳን አስተያዩ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፣ እስከ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተባለ። እዚያም ምዝገባው እስከ ቀበሌ ወርዶ ነበር፤ ልጃገረዶቹ ከገጠር ተመዝግበው ከተማ ሲደርሱ በእጅ ቅልጥፍና እየተፈተኑ በደረጃ ይለዩ ነበር። ማጣራቱ ዘመናዊ ነው። ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የለቀቀው ሰው ቁጥር ከተቀጠረው ጋር የሚቀራረብ ነበር። ከቤት ኪራይና ከምግብ የማይተርፍ ደመወዝ ይዛ ማን ትቀመጣለች? ስለዚህ መልማዩ ዛሬ የሞላውን ነገ እንደገና ይሞላል። ቀዳዳ እንስራ ተሸክሞ ምንጭ መመላለስ ማለት ይኸው ነው።

እኔ ከሁለቱ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፦ የብዙ ሰው ቅጥር ሥራ የሚበዛው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም። ማንን እንደምንፈልግ በአጭሩ ካልተናገርን፣ መምረጡን ለሚያውቀው ሰው ካላካፈልን፣ የተቀጠረው እንዲቆይ ካላደረግን ሸክሙ አያልቅም። ሦስተኛውን የጤና ኤክስቴንሽንም በደንብ አልመለሰውም።

በየወረዳው የሰው ሀብት ላይ የምትሠሩ ተማሪዎቼ አላችሁ። ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት መስፈርቱን አንዴ አንብቡት፤ ለሥራው የማያስፈልግ መስፈርት ካለ አውጡት። አንድ መስመር ስትቀንሱ የብዙ ሰው የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ብር ታተርፋላችሁ፣ የራሳችሁንም ምሳ። የምትሰለፉ ደግሞ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ትናንት እናንተ የቆማችሁበት የቆመች ናት፤ በለሆሳስ አናግሯት።

ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን ለጤና ኤክስቴንሽን የተመረጠች፣ ወይም ኮሚቴ ውስጥ የነበረ ካለ እንዴት እንደነበር ከሥር ጻፉልን። ይህ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ገና በቅጡ አልተጻፈም፤ ያለው እናንተ ጋ ነው።

መልካም ሳምንት፣ ከጥርባ።