ጎጆ ተሸክሞ አገር ፍለጋ

ሰው አገሩን ሊያይ ቤቱን ተሸክሞ ቢነሣ በምን ዓይነት ቤት ይሂድ? ጥያቄው የመኪና ገበያ ወሬ ይመስላል። ሆኖም ሁለት ታላላቅ አሜሪካውያን ተራኪዎች ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል፤ መኪኖቻቸውም እስከ ዛሬ በቤተ መዘክር ይጎበኛሉ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጆን ስታይንቤክ ነው። በ1960 ዕድሜው 58 ደርሶ፣ ጤናውም ታውኮ ሳለ፣ አንድ ሐሳብ እረፍት ነሣው፦ ስለ አሜሪካ ይጽፋል፣ አሜሪካን በቅርብ ካያት ግን ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የጂኤምሲ ፒክአፕ አዘዘ፤ በጭነት ቦታዋም ላይ እንደ ትንሽ ጀልባ ክፍል ያለች ጎጆ አስጫነ። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ቁም ሣጥን ነበራት። በዶን ኪሆቴ ከሲታ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ሰየማትና ቻርሊ የተባለውን ውሻውን ይዞ ተነሣ።

ተጎታች ቤት ያልወሰደበትን ምክንያት ራሱ ጽፎታል፤ በተራራ መንገድ ያስቸግራል፣ ማቆሚያም አይገኝለትም። ቤትና መኪና አንድ አካል የሆኑበት ሞተር ሆም ደግሞ ያኔ ገና ብርቅ ነበር፤ በአዮዋ ያለው ዊኒቤጎ እንኳ የመጀመሪያውን የሠራው በ1966 ነው።

ሁለተኛው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቻርልስ ኩራልት ነው። በ1967 ከካሜራና ከድምፅ ባለሙያ ጋር በሞተር ሆም ተነሥቶ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የገጠሩን መንገድ ሲያስስ ስድስት ያህል ሞተር ሆሞችን አስረጅቷል። የመጨረሻው በሚሺጋን፣ ዲርቦርን፣ በሄንሪ ፎርድ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ሮሲናንቴ በካሊፎርኒያ፣ ሳሊናስ፣ በደራሲው ስም በተሰየመው ማዕከል ቆማለች።

የሁለቱ ቤቶች ዋና ልዩነት በሩ ይመስለኛል። በሞተር ሆም ሾፌሩ ከመሪው ተነሥቶ በውስጥ ወደ ጓዳው ያልፋል፤ ከፈለገ ቀኑን ሙሉ መሬት ሳይረግጥ ይውላል። በሮሲናንቴ ግን ቡና ለማፍላት እንኳ ወርዶ፣ ዝናቡን ቀምሶ፣ በኋላ በር መግባት ግድ ነው። እንግዲህ ፒክአፕ የመረጠው ከሰው ጋር ይበልጥ ይገናኛል ብዬ ፈርጄ ነበር።

ታሪክ ግን ፍርዴን አፈረሰው። ከ50 ዓመት በኋላ የደራሲውን ዱካ የተከተለው ጋዜጠኛ ቢል ስታይገርዋልድ፣ ስታይንቤክ ከጎጆዋ ይልቅ ብዙ ሌሊት በሆቴልና በሞቴል እንዳደረ፣ ከጉዞውም ረጅሙን ክፍል ከባለቤቱ ጋር እንዳሳለፈ ደረሰበት። በ1962 የታተመው መጽሐፍ በ2012 እንደገና ሲወጣም መግቢያው ሁሉን እንደ እውነት እንዳንወስደው አስጠንቅቋል። ከመሪው ሳይወርድ መዋል ይችል የነበረው ኩራልት ግን በየመንደሩ እየወረደ፣ ማንም የማያውቃቸውን ጡብ ሠሪዎችና ገበሬዎች ሲያነጋግር ኖረ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ ሰው አስተናግዳለሁ። የብዙዎችን ፊርማ በዓይኔ ለይቼ አውቃለሁ፤ ኑሯቸውን ግን አላውቅም። ስለዚህ በስታይንቤክ ለመፍረድ አልደፍርም። መጽሐፉን አሁንም እወደዋለሁ፤ አገሬን አላወቅኋትም ብሎ በ58 ዓመት መደንገጥ ራሱ ትልቅ እውነት ነውና። ምርጫው የእኔ ቢሆን ሮሲናንቴን እመርጥ ነበር፤ እንደ ኩራልት በፈቃዴ መውረዴን ስለማልተማመን፣ የምታስወርደኝ መኪና ትሻለኛለች።