በውሃ ለማይሟሙ የፈንገስ መድኃኒቶች ናኖ ከረጢቶች እንደ ማጓጓዣ እያገለገሉ ነው

አዲስ አበባ፦ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በመርካቶም ሆነ በሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች በሚገኙ መድኃኒት ቤቶች ለጭርት፣ ለቆረቆርና ለሌሎች የፈንገስ ሕመሞች የሚውሉ ቅባቶችና እንክብሎች ይሸጣሉ። አብዛኞቹ መድኃኒቶች አንድ የጋራ ችግር ያለባቸው ሲሆን፣ ይኸውም በውሃ በቀላሉ አለመሟሟታቸው ነው።

በሚገባ ያልሟሟ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ለቆረቆር የሚታዘዘው ግሪስዮፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር እንዲወሰድ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ መድኃኒቱን በናኖሜትር በሚለኩ ጥቃቅን ከረጢቶች ማጓጓዝ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሊፖሶም የተሰኙት ከረጢቶች የሚዘጋጁት የሕዋስ ሽፋን ከተሠራበት ዓይነት ስብ በመሆኑ፣ በውሃ የማይሟሟው መድኃኒት በስቡ ግድግዳ ውስጥ ተይዞ ይጓዛል። ኒዮሶም የተባሉት ደግሞ እንደ ሳሙና ውሃንና ስብን ከሚያስማሙ ንጥረ ነገሮችና ከኮሌስትሮል የሚሠሩ ናቸው። ኢቶሶም የሚባሉት አልኮል ስላለባቸው ለስላሳ ሆነው የቆዳን የላይኛ ሽፋን ዘልቀው ይገባሉ።

በዘዴው ይበልጥ የታወቀው መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ነው። እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ ከቬኔዙዌላ አፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ የተገኘው ይህ መድኃኒት ፈንገስን አጥብቆ ቢያጠቃም ኩላሊትን ይጎዳል። በሊፖሶም ሲሰጥ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

መድኃኒቱ ፈንገስ ባልሆነው የካላ አዛር ተውሳክ ላይም ይሠራል፤ የሁለቱም ሽፋን ኤርጎስተሮል የተባለ ስብ አለውና። በሽታው በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች ለእርሻ ሥራ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞችን ያጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 በምሥራቅ አፍሪካ ኤች አይ ቪም ካላ አዛርም ላለባቸው ሕሙማን ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መክሯል። በዚያው ዓመትም ክሪፕቶኮከስ በተባለ ፈንገስ ለሚመጣ የማጅራት ገትር ሕክምና መድኃኒቱ በአንድ ከፍተኛ መጠን፣ ከሌሎች የፈንገስ መድኃኒቶች ጋር እንዲሰጥ አሳስቧል።

ይሁንና የመድኃኒቱ ዋጋ ከተለመደው አምፎቴሪሲን ቢ የላቀ ነው። ለቆዳ የሚዘጋጁት አብዛኞቹ ናኖ ከረጢቶችም በምርምር ደረጃ ላይ ይገኛሉ።

በመሆኑም ሕሙማን በእጃቸው ያለውን መድኃኒት በትክክል መጠቀም ይኖርባቸዋል። የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግስም ፈንገሱ እንዲስፋፋ ያደርጋል። ስለዚህ ማንኛውንም ቅባት ከመግዛት በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።